የዳሩ ወታደር

ልጄ ስቴይናር፣ ያለህበት አገር ደግ ይሁንልህ፤ እንደምን ከረምክ? እኛ ደህና ነን። የከተማችን የሁሳቪክ ንፋስ የጀልባ ቤቱን ጣሪያ ገንጥሎት ነበር፣ አሠርተነዋል። ጆሮህን ሳትሸፍን አትውጣ።

አባትህ የጉልበቱ ሕመም ከባሕር ሥራ ካስቀረው ወዲህ ውሎው ስልኩ ላይ ቼዝ ነው። ነጥቡ ከፍ ብሏል፤ ግን ዛሬም ንግሥቱን ገና በጠዋቱ አውጥቶ ያንከራትታታል። አብረው በሚዘፈዘፉበት የከተማው ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ጎረቤታችን ኤይናር፣ "አንተ ሰውዬ፣ ንግሥትህ ቤት የላትም እንዴ?" ይለዋል።

ሰሞኑን ስሙን የደበቀ አንድ ተጫዋች ደጋግሞ ይሸነፍለታል። ደስ ሲለው አይቼ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ግን እራት ላይ ስልኩን አስቀምጦ፣ "ስቴይናር ነው" አለኝ።

"በምን አወቅህ?" ስለው፣ "ከማጥቃቱ በፊት በሰሌዳው ጫፍ ያለውን የዳሩን ወታደር አንድ እርምጃ ይገፋል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ ነው። አሁን ደግሞ ፈረሱን እያየ ያስበላል። ይሄን ያህል አርጅቻለሁ?" አለ። ዓሣውንም ሳይጨርስ ተነሣ።

ዕድሜህ ይርዘም፣ እጅህ ይባረክ ልጄ። ከእሱ ጋር መጫወቱን አትተው፤ ግን በሚቀጥለው ጨዋታ አትራራለት። ሲሸነፍ መነጫነጩን እኔ እችለዋለሁ።

እናትህ ራግንሄይዱር