ባሕር በየትኛው «ሀ» ይጻፋል?

ካልጋሪ፣ ዋይትሆርን
እሑድ፣ የካቲት 2 ቀን 1989 ዓ.ም.
(በፈረንጁ ፌብሩዋሪ 9፣ 1997)

የኔ ዓለም መክሊት፣

በጌታ ሰላም እንደምን ሰነበትሽ? ሩቤንስ ደህና ነው? እኛ ከአባትሽ አፍንጫ በቀር ሁለታችንም ደህና ነን። አፍንጫው በፀሐይ ተቃጥሎ እንደ ተቀቀለ ድንች ተልጧል። ዛሬ ቸርች ስንሄድ ከዜሮ በታች ሃያ ሁለት ነበር። ሰው ሁሉ በሹራብና በካፖርት ተጀቡኖ ሲገባ እሱ በተላጠ አፍንጫው ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አንድ አዲስ የመጣ ወንድም ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ብርዱ በላዎት፣ ፍሮስትባይት ነው እንዴ? ዶክተር ጋ አልሄዱም?» ቢለው አባትሽ ፈገግ ብሎ ዝም አለ። አባትሽ፣ ዝም አለ። የምጽፍልሽም ስለዚሁ ዝምታ ነው።

ደብዳቤዬ ስለዘገየ አትቀየሚኝ። ጃንዋሪን ቤት አልነበርንም። የት እንደነበርን ብነግርሽ አታምኚኝምና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። እኔና አባትሽ ቦርሳ በጀርባችን አዝለን በኮስታ ሪካ የባሕሩን ዳር ዳር ይዘን ሦስት ሳምንት በእግራችን ስንሄድ ነበር። አዎ፣ አንቺና ሩቤን በሄዳችሁበት። አዎ፣ አባትሽ።

ነገሩ የጀመረው ከአባትሽ ሥራ ቦታ፣ ከዳቦ ፋብሪካው ነው። አለቃው፣ የተጠራቀመ ቬኬሽንህን እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ካልወሰድክ ይቃጠላል አለው። እሱም ቤት መጥቶ ኪችን ቁጭ አለ። ፊት ለፊቱ ፍሪጁ ላይ ከሃሊፋክስ የላካችሁት የሰርጋችሁ ጥሪ ተለጥፏል። ከኦክቶበር ጀምሮ ወተት ባወጣ ቁጥር ያየዋል፤ ግን ስለሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም አልጠየቅኩትም። አባትሽን ታውቂዋለሽ፤ አንዴ «አልሄድም» የምትል ቃል ከአፉ ከወጣች ማን ይመልሳታል? ሁለት ወር ሙሉ ተስፋዬን ያቆየሁት ባለመጠየቅ ነው። ያን ቀን ግን ጥሪውን እያየ ድንገት፣ «ያቺ ልጅ የሄደችበት የባሕር ዳርቻ በእግር ስንት ቀን ይፈጃል?» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በስምም ሆነ ያለ ስም አልጠራሽም ነበርና እጄ ላይ ያለውን ሳህን አስቀምጬ ፊት ለፊቱ ቁጭ አልኩ።

ስትሄጂ አባትሽ ያለሽን አንቺም አልረሳሽም፣ እኔም አልረሳሁም። «እኔ አገር ጥዬ የወጣሁት ሸክም አዝዬ ነው። ልጄ ለጨዋታ፣ ያውም ካላገባችው ወንድ ጋር እንድታዝል አይደለም።» አንድ ቸርች ያደጋችሁ የኳየር ልጆች በመሆናችሁ ወሬው ደግሞ ባሰበት። ነገር ግን አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ። ሩቤን ሞተር አስነስቶ ሲጠብቅሽ አባትሽ ኪችን ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ፣ እንደ ልማዱ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ የፊደል ስህተት ይፈልግ ነበር። መኪናው ሄዶ ድምፁ እስኪጠፋ አንድም ገጽ አልገለጠም።

እንግዲህ ያ ሰው ነው ሁለት ትልልቅ ቦርሳ ገዝቶ የመጣው። መለማመድ አለብን ብሎ በየቦርሳው ሃያ ፓውንድ ሩዝ ከተተና በበረዶው ውስጥ እስከ ባቡር ጣቢያው ያመላልሰኝ ጀመር። ያዩን የቸርች ሰዎች «ጋሽ ታደገና እትዬ ውድነሽ ለሚሽን ሊወጡ ነው» ብለው አስወሩ። ወንድም ሀይሉ በጉባኤ ፊት እጁን ጭኖ ጸለየልን፤ በስፓኒሽ የታተሙ ሃምሳ የወንጌል ትራክቶችም አስታቀፈን። አይ፣ ልጃችን የሄደችበትን ልናይ ነው እንዳልል አፈርኩ። አባትሽም ትራክቶቹን ተቀብሎ «አሜን» አለ።

ስለ ባሕሩ ምን ብዬ ልጻፍልሽ? አንቺ አይተሽዋል። እኔ ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ዓመት ሲቀረኝ ነው ያየሁት። ወደዚህ አገር ስንመጣ በላዩ በርረናል፤ አንቺ ጭኔ ላይ ተኝተሽ ነበር፣ መስኮቱም ጨለማ ነበር። አሁን አውቶቡስ አንድ የጠጠር መንገድ ላይ አወረደንና በዛፎች ስር መሄድ ጀመርን። መጀመሪያ ድምፁ መጣ። ከበድ ያለ የጭነት መኪና እየመጣ መስሎኝ መንገዱን ልለቅ ዞር አልኩ። ከዚያ ዛፎቹ አለቁና ወዲያ ምንም የለም፤ ውሃ ብቻ። እንዲያው ዓይኔ የሚያርፍበት ማዶ ፈለግሁና አጣሁ። ቦርሳዬን አሸዋው ላይ አወረድኩ፣ መክሊት። እግዚአብሔር ታላቅ ነው እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ ዘምሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን የዘመርኩትን አየሁት።

አባትሽ ለሁሉ ነገር ማብራሪያ ያለው ሰው አይደለም? ለዚህ አልነበረውም። ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ውሃው ሄደ። ማዕበሉ እግሩ ስር መጥቶ ተመለሰ፣ ደግሞ መጣ። ባርኔጣውን አወለቀና በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ያዘው። ፀሐዩ አፍንጫውን መብላት የጀመረው ያኔ ነው። ብዙ ቆይቶ ዞር አለና «ውድዬ» አለኝ። ከጫጉላችን ወዲህ ውድዬ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ውሃው ሲሸሽ፣ አሸዋው ጠንከር ሲል እንነሳለን። እነዚያ ትልቅ ከረጢት ያንጠለጠሉ አፋቸው ረጅም ወፎች ተሰልፈው ማዕበሉን በክንፋቸው ሊነኩት ትንሽ ሲቀራቸው ከፍ ይላሉ። ቀያይ በቀቀኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጯጯሃሉ። ቤታቸውን በጀርባቸው የተሸከሙ ትንንሽ ሸርጣኖች አሸዋው ላይ ሲርመሰመሱ አባትሽ ጎንበስ ብሎ አያቸውና «እነዚህም የታደገ ዘመዶች ናቸው» አለ። እግሬ ውሃ ቋጠረ፣ ትከሻዬ ተላጠ፤ ግን ማማረር አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር እያዩ ማማረር ነውር ሆነብኝ። አንድ ቦታ ወንዝ ከባሕሩ ሲገናኝ መሻገር ነበረብን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ስለሰማሁ አልሻገርም ብዬ ቆምኩ። አባትሽ እጄን ያዘኝ። ሃያ ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ሰው በሚያይበት እጄን ይዞ አያውቅም። ተሻግረንም አለቀቀኝ፤ አንድ ሰዓት ያህል እንደዚያው ሄድን። ልጄ፣ አንቺና ሩቤን ምን ልትፈልጉ እንደሄዳችሁ ያኔ ገባኝ። በዚያ ጊዜ ስላልገባኝ ይቅርታ አድርጊልኝ።

አሁን ደግሞ ስሚ። ከኮስታ ሪካ የላክሽልኝን ፖስት ካርዶች በመጽሐፍ ቅዱሴ ሽፋን ውስጥ ደብቄ የማኖር ይመስለኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዛፍ ስር ስናርፍ አባትሽ ከቦርሳው አንድ ላስቲክ አወጣ፤ ሰባቱም ፖስት ካርዶችሽ! ለካስ ከምንሄድበት ቀን በፊት ጀምሮ መንገዱን የሚያወጣው ከእነሱ ነው። የቱ ጋ እንዳደራችሁ፣ የቱን ወንዝ እንደተሻገራችሁ ከኔ የበለጠ በቃሉ ያውቃል። ደግሞም በቀይ እስክሪብቶ አርሟቸዋል። «ባህር» ብለሽ በጻፍሽበት ሁሉ «ህ»ዋን ሰርዞ «ሕ» አድርጎበታል። ሰባቱም ላይ! አልሳቅ አላልቅስ ግራ ገባኝ። ሁለት ዓመት እንደሌለሽ ሆኖ ሲኖር ተደብቆ ደብተርሽን ያርም ነበር ማለት ነው።

የቅዳሜውን ትምህርት ታስታውሻለሽ? ነቀምት አስተማሪ ሳለ የያዘው አመል ዳቦ ፋብሪካም ገብቶ አልለቀቀውም። «ባሕር የሚጻፈው በሐመሩ ሐ ነው። ሐመር ማለት መርከብ ማለት ነው። ያለ መርከብ ባሕር ትገቢያለሽ?» እያለ ጠረጴዛውን ይመታል። አንቺ ግን ሁልጊዜ በሃሌታው ሀ፣ በሃሌ ሉያዋ። «አባዬ፣ ድምፁ ሴም ነው እኮ፣ ሁ ኬርስ?» ስትይው እንዴት ይንጨረጨር ነበር! «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ እንደገና ሃያ ጊዜ ያስጽፍሻል።

በዘጠነኛው ቀን አንዲት አሮጊት እንግዳ የምታሳድርባቸው የእንጨት ቤቶች ደረስን፤ ከፖስት ካርዶችሽ በስድስተኛው ላይ ያለው ነው። ጠዋት አባትሽ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያነብ አሮጊቷ ቡና ልትሰጠው መጣች። ፊደሉን ስታይ ኩባያውን አስቀምጣ ወደ ውስጥ ሮጠች። እንግዶች የሚጽፉበትን፣ በእርጥበት ያበጠ ወፍራም መዝገብ ይዛ ወጣችና አንድ ገጽ ገልጣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን አኖረችው። በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛ እንደነገረችን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ያረፈውን እንግዳ ሁሉ ስታስነብብ ኖራለች። ጃፓኖቹ የኛ አይደለም፣ እስራኤሎቹም የኛ አይደለም ብለዋታል። የጻፈችው ልጅ ሳህን ካላጠብኩ ብላ ያስቸገረቻት፣ ስትሄድ አቅፋ ያስለቀሰቻት ልጅ ናት። አሮጊቷ፣ ልጅቷ ምን ጽፋ እንደሄደች ሳታውቅ እንዳትሞት ፈርታ ነበር።

ጽሕፈትሽን ገና ከሩቅ አወቅኩት። አባትሽ መነጽሩን አስተካከለና ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «አባዬ ይሄን ባህር ቢያይ ዝም ይል ነበር። አንድ ቀን እንካን ሳያርመኝ ይውል ነበር። መክሊት ታደገ፣ ካልጋሪ።»

አሮጊቷ ምን ይላል አለችው። በእንግሊዝኛ ነገራት፤ ግማሹን እኔ ጨረስኩለት። እሷም እጇን ልቧ ላይ አድርጋ አባትየውን ታውቀዋለህ ወይ ብላ ጠየቀችው።

«ዘ ፋዘር ኢዝ ሚ» አለ።

ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። ክዳኑን ነቀለ። እኔ እንግዲህ እዚህም ሊያርማት ነው ብዬ ተናደድኩ። እስክሪብቶውን «ህ»ዋ ላይ እንደደቀነ ቀና ብሎ ባሕሩን አየ። ውሃው እየገፋ መጥቶ በረንዳው ሊደርስ ምንም አልቀረውም ነበር። ብዙ አየው። ከዚያ ክዳኑን መልሶ ከደነው።

«ልክ ናት። በሃሌታው ነው» አለ።

«ዕድሜ ልክህን በሐመሩ ነው ስትል ኖረህ?» አልኩት።

«ያኔ አላየሁትም ነበር።»

እንዲህ ብሎኝ ወርዶ በባሕሩ ውሃ ፊቱን ታጠበ። ጨው በጨው ነው፣ ማን ያውቅበታል ብሎ ይሆናል፤ እኔ ግን አወቅኩበት። (እውነቱን ለመናገር «እንካን» የምትለዋን ሳያርም ለማለፍ ትንሽ ታግሏል።) አሮጊቷ አቀፈችን፣ ዓሣ ጠበሰችልን፣ ገንዘብም እንቢ አለች። እኔም ከሃምሳዎቹ ትራክቶች አንዱን ሰጠኋት። ስለዚህ ሚሽን ነው ያሉት ጨርሶ ሐሰት አይደለም።

ከተመለስን ሁለት ሳምንት ሆነን። ሰዉ ወንጌል እንዴት ሆነ ብሎ ሲጠይቀው አባትሽ «ትልቅ ነው፣ ትልቅ ነው» ብቻ ይላል። እኔ የመጣን ዕለት ቦርሳዬን አራግፌ፣ አጥቤ ሰቅያለሁ። የሱ ግን እስካሁን እንደታሸገ በሩ ጋ ቆሟል። አሸዋው ምንጣፌ ላይ ይረግፋል። አራግፈው ስለው «ተይው» ይለኛል። ለምን ብዬ ብጠይቀው እንደ ልማዱ ወተት ሊያወጣ ወደ ፍሪጁ ይሄዳል።

ስለ ሰርጉ አሁንም ምንም አላለም። እኔ በጁላይ እመጣለሁ፤ ሰማይ ቢወድቅ አልቀርም፣ ፈቃድም ጠይቄያለሁ። ስለ እሱ ግን ቃል ልሰጥሽ አልችልም። ይመጣል ብዬሽ ቢቀር አንቺን ሁለተኛ ጊዜ መስበር ይሆንብኛል። የማውቀው ያየሁትን ነው፤ ያየሁትን ጽፌልሻለሁ። እናትሽ ነኝና እፈራለሁ፣ ደግሞም ተስፋ አደርጋለሁ።

አሁን ላውንድሪ ልወርድ ነው። ደብዳቤውን ሳላሽገው፣ ከግርጌው ትንሽ ቦታ ትቼ፣ ቀይ እስክሪብቶውን ከጎኑ አድርጌ ኪችን ጠረጴዛ ላይ ላስቀምጠው። ቦታው ቢሞላም ባይሞላም ነገ ጠዋት ፖስታ ሳጥን ውስጥ እከተዋለሁ።

እግራችሁ በሚረግጠው ሁሉ ጌታ ይቅደማችሁ። የምትሻገሩትን ወንዝ ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ተሻገሩ። ሩቤንን ሳሚልኝ፤ ሳህን እንዲያጥብም ንገሪው፣ አንቺ በሰው አገር ያጠብሽው ይበቃል።

እናትሽ
ውድነሽ

መክሊት ልጄ፣
ባህሩን አየሁት። እናንተም ጋ ሃሊፋክስ ትልቅ ባህር አለ አሉ። ቦርሳዬን አላራገፍኩም።
አባትሽ ታደገ