ክዳኑ እምቢ ያለኝ ሣጥን

ዘነቡ፣ የቤቴ እመቤት፣

ብዕሩን የያዘችው ልጅሽ ሰላም ናት፤ ቃሉ ግን የኔ ነው። በሞት ከተለየሽኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ደክሞኛል። የቤታችን ደረጃ አደከመኝ፣ ብቻዬን መብላት ሰለቸኝ። ከሁሉ የባሰው ግን መደበቅ ነው።

ደብዳቤ ሲመጣ የምታነቢልኝ አንቺ ነበርሽ። ልጆቹ ሲጠይቁ አባታችሁ ዓይኑን ያመዋል ትያቸው ነበር። ሰላሳ ዓመት ያልታመመ ዓይኔን አሳመምሽው! ስትሄጂ ውሸቱን ብቻዬን ተሸከምኩት። የመጣውን ደብዳቤ ሁሉ ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ አጨቅሁት።

ሰማያዊ ሹራብሽን ብል ጀመረው። ሰላም በፌስታል ላድርገው ስትል ተቆጣሁ፤ ሣጥን እሠራለታለሁ አልኩ። እዚህ ሰፈራችን ኬንቲሽ ታውን ጡረተኞች የእጅ ሥራ የሚሠሩበት ወርክሾፕ አለ። አንድ እንግሊዝ ሽማግሌ ስስ እንጨት በእንፋሎት አሙቆ፣ እንደ ወንፊት ዙሪያ አጉብጦ፣ ክብ ሣጥን መሥራት ያስተምራል። ጉልበቴን ታምኜ ሁለት ሰበርኩ። ሽማግሌው ሳቀብኝ፤ እንጨት ይለመናል እንጂ አይገደድም አለኝ። ስለኔም አንቺ እንደዚያ ትዪ ነበር።

ሦስተኛው አማረና ቤት ወሰድኩት። የክዳኑን ልክና አሠራር ሽማግሌው በወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ፤ እኔ የምለካው በስንዝር ነው። ሣጥኑን በቀኝ እጄ ነበር የለካሁት። ቀኜን እንፋሎት ስላቃጠለው ክዳኑን በግራዬ ለካሁ። ግራዬ ያቺ ወጥ ቤት ውስጥ ስሠራ ጫፏ የተቆረጠች ጣት ያለችበት ናት፤ ስንዝሯ ያጥራል። ሰው ጣቱን ይረሳል? ረሳሁ። ክዳኑ ጠቦ እምቢ አለ።

ሰላም ወረቀቱን ከኮቴ ኪስ አገኘችው። አባዬ፣ ተጽፎልህ የለም እንዴ፣ ለምን አላየኸውም አለችኝ። ዓይኔን አሞኝ ነው ልላት ነበር። ሹራብሽ ጭኔ ላይ ነው። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ፣ ማንበብ አልችልም አልኳት።

መሳቢያውን ከፍታ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አነበበችልኝ። አንዱ ቤት ከሚሰጠው ከካውንስሉ ነው፤ እኔና አንቺ ስንለምነው የኖርነው ደረጃ የሌለው ምድር ቤት ተገኝቷል፣ ቶሎ መልስ ስጥ ይላል። ቀኑ አልፏል። ቤቱ ለሌላ ተሰጥቷል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ኩራቴ ነው፤ በማንም አላላክክም። ሰላም እንደገና አፕላይ አድርጋልኛለች። እስኪሰጡን ደረጃውን እየቆምኩ እወጣለሁ።

ለሽማግሌውም ነገርኩት። እሱ ምንም አልመሰለውም፤ ክር መዞ የሣጥኑን አፍ ዙሪያ ለካልኝ። አዲሱ ክዳን ገጠመ። ሹራብሽ ገብቷል።

ምስጢራችንን ስላወጣሁ አትቀየሚኝ። ለኔ ብለሽ የዋሸሽውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ እስክሞት አልረሳሽም።

በይ ሰላም፣ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። ጮክ ብለሽ፤ ጎረቤት ቢሰማም ይስማ።