ያልተመዘገበው አቤቱታ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ከሰዓት 10፡00።

ዛሬ በጣቢያው አምስት አቤቱታ ተመዘገበ። ስድስተኛው አልተመዘገበም።

ሦስተኛ ቀኔ። ከጠዋት ጀምሮ ተረኛው ፖሊስ ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ጋዜጣው ያዘዘኝ ጽሑፍ፦ ትንሽ ከተማ ፖሊሷን እንዴት ታደራጃለች፣ ነዋሪውስ ምን ያገኝበታል። ደብተሬ፣ የከተማዋን ስም አንተ ላይም አልጽፍም። ከየቡ ወዲያ ያለች የቡና ከተማ ናት፤ ይበቃሃል። ጅማ ሄርማታ ሰፈር ካለው ቤቴ በሚኒባስ እመላለሳለሁ።

አምስቱ፦ መታወቂያው የጠፋበት መምህር። ተጋጭተው የመጡ ሁለት ባጃጅ ነጂዎች፤ ሁለቱም ቆመው ነበር አሉ፤ ተረኛው ታዲያ መንገዱ ነው የተጋጨው ወይ ሲላቸው ራሳቸውም ሳቁ። የአጥር ድንበር። ማሳው በጎረቤት በሬ የተረገጠበት ሰው። ከማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የተሰረቀበት ገበሬ።

ስድስተኛዋ ሐዋ ናት። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። መጋዘን ውስጥ ቡና ትለቅማለች፤ ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው ትለያለች። ባለቤቴ፣ ብላ ስትጀምር ተረኛው እስክሪብቶ አነሳ። ሳጅን ከድር ከበሩ ላይ ሆኖ በእጁ አስቆመው። ማሎ፣ እባክሽ፣ አዴ ሐዋ፣ ቅድሚያ እኛው እንነጋገር፣ አላት። ከድር የማህበረሰብ ፖሊስ ነው፤ በየቀበሌው እየዞረ ጠብ ሳይከር የሚያበርድ። ከተማው ሁሉ በስሙ ይጠራዋል።

ቢሮው ገባን፤ ሦስታችን ብቻ። እኔ እንድቀመጥ እሷን አስፈቅጄ። ቃሏን እንዳለ ጻፍኩት፦ «ቅዳሜ ገጀራውን አንገቴ ላይ አደረገው። ሁለተኛ መጋዘን ብትሄጂ ይህን አትረሺው አለኝ።» ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ሁለት ልጆች አሏት። ከድር ሰማያዊ ልባስ ባለው የራሱ ደብተር ላይ ጻፈ። ትልቁ መዝገብ ላይ አይደለም።

ለምን እንዳልተመዘገበ ነገ እጠይቃለሁ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ምሳ ሰዓት።

አዛዥዋ ኮማንደር ጠዋቷን ሙሉ ሰጠችኝ። ወረቀት ላይ ሥላ አሳየችኝ። ከላይ አዛዥ። ከሥር ሦስት ክፍል፦ ወንጀል መከላከል፣ ወንጀል ምርመራ፣ ትራፊክ። ማህበረሰብ ፖሊስ ከመከላከል ሥር ነው። ጥፋት ከተፈጸመ ምርመራ ይረከባል፤ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ፍ/ቤት ይቀርባል። መርማሪ ሁለት። መኪና አንድ፤ እሷም በቡና ወቅት ወይ መጋዘን ጥበቃ ላይ ናት ወይ ጭቃ ውስጥ። ይህን ስትል አልሳቀችም።

ስለ ከድር ደብተር ጠየቅኋት። የቆየ ልማድ ነው አለች። የጎረቤትና የባልና ሚስት ነገር መጀመሪያ እዚያ ይጻፋል፣ ለሽማግሌ ይመራል። እርቅ ከወረደ ገጹ በሁለቱ ፊት ይቀደዳል። ቂም በወረቀት እንዳይቀመጥ። ካልታረቁ ወደ መዝገቡ ይገባል።

ያማረ ነገር ነው። ጽሑፌ መሐል ላይ ይህን አደርጋለሁ።


ዓርብ፣ ኅዳር 12። 11፡00።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ በረንዳ ላይ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ከድር፣ ሐዋና ባሏ ናስር። እኔ ዳር ላይ።

ናስር ሸሚዙን ተኩሶ መጥቷል። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። አጥፍቻለሁ ይላል፤ ምን እንዳጠፋ ግን አይልም፤ የጠየቀውም የለም። ትልቁ ሽማግሌ፣ ኦቦ አባ ጊዲ፣ ቀልድ ያውቃሉ። «ሚስትህን ሥራ ከልክለህ አንተ ቤት ቁጭ ልትል? ሽሮ መለቆጥ ታውቅበታለህ?» በረንዳው በሙሉ ሳቀ። ናስርም ሳቀ። ሐዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ጠጋ አደረገች።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። እርስዎም ፀጉርዎ ነጭ ነው፣ ጋሼ፣ እንደ እንግዳ አይቀመጡ፣ አንድ ቃል ይጣሉ አሉኝ። አልፈለግሁም ነበር። ግን ተናገርኩ። ለልጆቹ ስትይ አንድ ጊዜ ይቅር በዪው፣ አልኳት። አየችኝ። ከዚያ እሺ አለች።

ከድር ገጹን ቀደደ። እኩሌታውን ለእሱ፣ እኩሌታውን ለእሷ። እነሱ ደግሞ አደቀቁት። ዱዓ ተደረገ። ሁሉም አሚን አለ፤ እኔም።

ደስ አለኝ። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው።


ሰኞ፣ ኅዳር 15።

ጽሑፉን ጨረስኩ። ስለ አደረጃጀቱ ግማሽ፣ ስለ ተቀደደው ገጽ ግማሽ።

ላንተ ልናገር። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ገጀራ የሚለው ቃል ነበር። አወጣሁት። አርታኢው አልጠየቀኝም፣ ኮማንደሯም፣ ከድርም። «በቤት ውስጥ የተነሣ አለመግባባት» አልኩ። ገጀራውና የእርቁ ዱዓ በአንድ አንቀጽ አብረው አልቆም አሉኝ። ስሞቹንም ቀይሬአለሁ። እዚህ ላይ እንኳን ስህተት የለብኝም።


እሑድ፣ ኅዳር 21።

ወጣ። ከድር ቆርጦ ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንደለጠፈው ነገረኝ። ኮማንደሯ ደውላ አመሰገነች። የጎረቤቴ ልጅ፣ ጋሼ በዚህ ዕድሜዎ ፖሊስ ሆኑ እንዴ፣ አለችኝ።


ረቡዕ፣ ኅዳር 24። 5፡00።

ከድር ደወለ። ድምፁን አላወቅሁትም። ሐዋ ጅማ ሆስፒታል ናት። ትናንት ከሥራ ስትመለስ በራቸው ላይ። ገጀራ። በቀኝ እጇ ተከላክላ ነው በሕይወት ያለችው። ናስር በአጋሮ መንገድ ሚኒባስ ሲጠብቅ ተይዟል።

ሌላ የምጽፈው…


ሐሙስ፣ ኅዳር 25። ከሰዓት።

ሄድኩ። እህቷ በር ላይ ነበረች፤ ማን እንደሆንኩ ስትሰማ ልትመልሰኝ ፈለገች፤ ሐዋ ይግባ አለች። እጇ እስከ ክርኗ ታስሯል። ሁለት ጣቶች የሉም። በዚያ እጅ ነው የምትለቅመው።

ይቅርታ ለማለት ነበር የሄድኩት። ቀደመችኝ። «እርስዎም ይቅር በዪው ብለውኝ ነበር፣ ጋሼ።» ቁጣ የለበትም። የሆነውን ነው የተናገረችው።

የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ፦ ይፈቱታል ወይ? ልጆቹ እናቷ ጋ የቡ ናቸው። ናስር ቤቱን ያውቀዋል። ስለ ሕግ የማውቀውን ነገርኳት። ትንሽ ነው።


ዓርብ፣ ኅዳር 26። ጣቢያው።

ማስታወሻ ለመያዝ አልመጣሁም፤ ግን እጄ ለመደ።

መርማሪው፣ ረዳት ኢንስፔክተር ብርሃኑ፣ በትዕግሥት አስረዳኝ። ናስር ዛሬ ጠዋት ፍ/ቤት ቀርቧል። ጠበቃው ዋስትና ጠይቋል፦ የመጀመሪያው ነው፣ በድንገት ተናዶ ነው፣ ከዚህ በፊት ክስ የለበትም። ዐ/ሕግ ተቃውሟል። ዳኛው ማስረጃ ካላችሁ እስከ ሐሙስ አቅርቡ ብለዋል። ከዚህ በፊት በገጀራ ማስፈራራቱ ከተረጋገጠ ዋስትናው የሚከለከል ለብርሃኑ ይመስለዋል። ካልተረጋገጠ ይወጣል ብሎ ይፈራል።

መዝገቡን አብረን ከፈትን። ኅዳር 8፣ አምስት። መታወቂያ፣ ባጃጅ፣ አጥር፣ በሬ፣ ቡና። የከድር ደብተር ላይ የተቀደደው ገጽ ጥርስ መሳይ ጠርዝ ብቻ ቀርቷል።

ሽማግሌዎቹ ተጠርተው መጥተዋል። ኦቦ አባ ጊዲ ሰላም የወረደበትን ነገር መልሰን አናነሣም ብለው ሄደዋል። ዛሬ አልቀለዱም።

ከድር ቃሉን ሰጥቷል። ብርሃኑ እንዳነብ ፈቀደልኝ፦ «የቃላት ጭቅጭቅ ነበር። ስለ ገጀራ መስማቴን አላስታውስም።» ከሥሩ ፊርማው።

ያን ሰኞ ከድር ቢሮ ውስጥ ሦስት ነበርን። አንዷ ሆስፒታል ናት፤ ተበዳይ ስለሆነች ቃሏ ብቻውን እንዳይበቃ ይሰጋሉ። አንዱ አላስታውስም ብሏል።


ሰኞ፣ ኅዳር 29። 1፡00 ምሽት።

ጠዋት ዐ/ሕግ ዘንድ። ወጣት ሴት ናት፣ ጠረጴዛዋ ላይ ፋይል እስከ አገጯ። ጋዜጣውን አንብባለች። ጽሑፍዎ አይረዳኝም፣ አለችኝ፤ እንዲያውም ጠበቃው ነው የሚጠቀምበት፣ አለመግባባት ብለው ጽፈዋልና። አፈርኩ። ሐዋ ጣቢያ በመጣችበት ቀን የጻፍኩት ሌላ ነገር አለ አልኳት። የዕለት ማስታወሻ።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ቅጂ አልቀበልም አለች። ዋናው፣ ሙሉ ደብተሩ፤ ከፊቱና ከኋላው ያለው ቀን አብሮ ካልታየ ዛሬ ተቀምጦ የጻፈው ነው ይሉኛል። አስገድጄ አልወስድም፣ ያስቡበት፣ ግን እስከ ረቡዕ 4 ሰዓት።

እንግዲህ አንተን ነው የጠየቀችኝ። ዳኛው፣ ጠበቃው፣ ናስር ያነቡሃል። ለልጆቹ ስትይ ያልኩትን፣ ደስ አለኝ ያልኩትን፣ ቃሉን ያወጣሁበትን ቀን።

ወደ 12 ሰዓት ከድር ቤቴ መጣ። የደንብ ልብሱን አውልቆ። ሻይ አቀረብኩ፤ አልነካውም።

«ጋሼ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ነው። ስንት ቤት እንዳቆምኩ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ አልኩት። እውነቴን ነው።

መሣሪያ ያለበት ነገር ለሽማግሌ አይመራም፤ መመሪያው ግልጽ ነው። ከድር ራሱ ነገረኝ፤ ያውቅ ነበር። በዚያ ሳምንት መርማሪዎቹ ሁለቱም የቡና ስርቆት ላይ ነበሩ፣ መዝገብ ውስጥ ብትገባ ፋይሏ እስከ ጥር አይከፈትም ብሎ አሰበ። ሽማግሌ በአራት ቀን ይጨርሳል። ጨረሱም። ያን ቀን ስጽፍ አይቶኛል፤ ደብተሬ ከወጣ ከሥራ ይባረራል። አራት ልጆች፣ የታመመች እናት።

ገጀራውን ታስታውሳለህ ወይ አልኩት። ውጭ የአዛን ድምፅ ነበር።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

ቆይቶ፦ «ወላሂ፣ ልጎዳት ብዬ አልነበረም።»

እኔም እንዲያ ብዬ አልነበረም። ይህን ግን አልነገርኩትም፤ ሁለታችንንም የሚያጽናና መሰለኝ። ወደ በሩ ሸኘሁት። እጄን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ፤ ምንም አልለመነኝም። ቢለምነኝ ይቀልለኝ ነበር።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 30። ጠዋት 4፡20።

ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩህ። አንድ ሁለት ቦታ እጄ ሊሰርዝ ሄዶ ነበር። አልሰረዝኩም። የተሰረዘ ደብተር ለማንም አይረባም፤ ለእሷ ደግሞ ከሁሉ በላይ።

ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ደብተሩን ሳልሰጥ ቀርቤ በቃሌ ብመሰክርስ? ጠበቃው ጋዜጣውን አውጥቶ፣ ታዲያ ለምን አለመግባባት ብለው ጻፉ ይለኛል። መልሱ ያለው አንተ ውስጥ ነው፤ ኅዳር 15 ላይ።


ያው ቀን። 9፡00።

ለአርታኢው ደወልኩ። በሚቀጥለው እትም እርማት እንዲወጣ፤ የተወው ቃል ምን እንደነበር ተጽፎ፣ በስሜ። የችሎቱ ጉዳይ እስኪያልቅ ይቆይ አለ። እንዳይረሳ በጽሑፍ ላኩለት።

ለከድር ደወልኩ። ነገ እንደምሰጥ ነገርኩት። ከእኔ አፍ እንዲሰማ። ቃልህን ማስተካከል ከፈለግህ ከ4 ሰዓት በፊት ብርሃኑ ቢሮ ሂድ፣ ራስህ ሄደህ ብትናገር ይሻላል አልኩት። ለእሱም ለእሷም። ከኋላው ሰው አጥር አጥር እያለ ይጮሃል፤ በሥራ ላይ ነበር። «እሺ ጋሼ፣ ሰምቻለሁ፣» አለና ዘጋው። እሄዳለሁ አላለም። አልሄድምም አላለም።

ለሐዋ እህት ደወልኩ። ለሐዋ ስልኩን ሰጠቻት። የማደርገውን ነገርኳት፤ የሚሆነውን ግን ቃል ልገባላት አልችልም አልኳት። የዋስትናው ትእዛዝ የሚሰጥበትን ቀን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ሰዓቱን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ልጆቹን በዚያ ቀን ከየቡ እንደምታርቃቸው ነገረችኝ፤ ወዴት እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እዚህ እንዳይጻፍ።

ደብተሩ ነገ ረቡዕ ታኅሣሥ 1 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ዐ/ሕግ ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። ፍ/ቤቱ በዋስትናው ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው ሐሙስ ታኅሣሥ 2፣ ጠዋት 3፡00 ነው።