ጠባቂ የማትፈልግ ድስት

ውድ ሚጣዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ልጆቹስ? ባልሽን ወገቡን ተሻለው? እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር። ነገር ግን ደህና የሆነ ሰው አንድ ቦታ ይቀመጣል፤ እኔ ይህችን ያህል እስክጽፍ ሁለቴ ተነስቼ ወጥ ቤት ደርሼ መጣሁ። ምንም የለም። እማዬ ጋደም ብላለች፣ ምድጃው ጠፍቷል። እግሬ ግን አላምን አለኝ።

በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። በስልክ አንቺ ትቸኩያለሽ፣ እኔ እለፈልፋለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይወጣ «በይ ቻው» ተባብለን እንዘጋለን። ስለዚህ ቅዳሜ ከመምጣትሽ በፊት እንዲደርስሽ ይሄንን ወደናንተ ለሚመላለሰው ሹፌር ጎረቤታችን ልሰጠው ነው።

ስምምነታችንን መቼም አትረሺውም። እማዬ ሩዝ ጥዳ ረስታ፣ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆኖ ጎረቤት በር ገንጥሎ የገባ ጊዜ «አንዴ ድስት ማሳረር ከደገመች እኔ ጋ ትመጣለች፣ አለቀ» አልሽ። እኔም «እሺ» አልኩ። ምን ልበል? ቀኑን ሙሉ ላውንደሪ ውስጥ አንሶላ ስተኩስ የምውል ሰው «የለም፣ እኔ እጠብቃታለሁ» ልል በየትኛው ዓይኔ? ግን ሚጣ፣ እሺ ያለው አፌ ነው። እማዬ የሌለችበት ቤት ገብቼ መብራት ሳበራ አይታየኝም። ስንት ጊዜ ሞከርኩ፣ አይታየኝም።

እናም የኤሌክትሪክ ሩዝ ማብሰያ ልገዛ ወጣሁ። ጥርሷ ካስቸገራት ወዲህ ምሳዋ ሩዝ ብቻ ነው። ሩዙ ካላረረ እማዬም ከእኔ አትሄድም፤ ሂሳቡ ይኸው ነበር።

ሻጩ ገና ከበር ስገባ ያዘኝ። «ይቺን ይውሰዱ፣ እትዬ! ሾርባ ትሠራለች፣ ኬክ ትጋግራለች፣ ሰዓት ይሞላላታል፣ ሲበስል ደግሞ ትዘፍናለች።»

«እኔ ሩዝ እንጂ ዘፋኝ አልፈልግም» አልኩት።

እየሳቀ አንድ መጫኛ ቁልፍ ብቻ ያላትን አወጣልኝ። ወደ ታች ሲጫኗት ታበስላለች፤ ውኃውን ስትጨርስ ራሷ ቀጭ ብላ ወደ ላይ ትመለስና ሙቀቱን ብቻ ትይዛለች። ማንም ቢረሳት አታሳርርም። እኔ የምፈልገው ይቺን ነበር።

«ለስንት ሰው ትሁንልዎ?» ሲለኝ ግን ለሁለት የምትሆነውን ትንሿን አነሳሁ፣ መለስኩ። እናንተ ስትመጡስ ብዬ ትልቋን አነሳሁ፣ መለስኩ። ከዚያ ደግሞ ብቻዬን ብቀርስ የሚል ሐሳብ መጣብኝና ሁለቱንም ትቼ ቆምኩ። ከኋላዬ ተራ የምትጠብቅ ሴት «እህቴ፣ የምትመርጪው ድስት እኮ ነው፣ ባል አይደለም!» አለችኝ።

«የድሮ ባሌንማ እንዲህ አገላብጬ ባየሁት!» አልኳት፤ ተሳሳቅን። ትንሿን ይዤ ወጣሁ።

ሻጩ እስከ በር እየተከተለ ይመክረኛል። የውስጥ ድስቷ ወጥታ የምትገባ ናት፤ ቂጧ ሳይደርቅ እንዳትገባ። ክዳኑ በየደቂቃው አይከፈት። ቀጭ ካለች በኋላም ትንሽ ይታገሷት፣ በእንፋሎቷ ትጨርሳለች።

ይሄንን ሁሉ ለእማዬ ሳስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አለች። የውኃውን ልክ የሚያሳየው መስመር ለዓይኗ አልታይ አላት። ጣቷን ሩዙ ላይ አቁማ እስከ አንጓዋ ውኃ ሞላችና ጉዳዩን ዘጋችው። ከዚያ በርጩማዋን ስባ ማብሰያዋ ፊት ተቀመጠች። ወዲያው እጇ ክዳኑ ላይ።

«እማዬ፣ አይከፈትም።»

«መብሰሉን በምን ልወቅ ታዲያ?»

«እሷ ታውቃለች።»

«እሷ ማን ናት?»

ቀጭ አለች። እማዬ እንደ መደንገጥ ብላ አየችኝ። «በቃ?»

«በቃ።»

«እኔ ምን ሠራሁ?»

እኔ ሳቅኩ፤ እሷ አልሳቀችም።

ሰንበትበት አልን። ሩዙ ነጭ፣ ቤቱ ሰላም። እኔ ግን ሥራ ቦታ መቆም አቃተኝ። ዕቃ አምነሽ የወጣሽ ጊዜ ጭንቁ የሚብስ አይመስልሽም? ሶኬቱ ቢግልስ፣ ውኃ ቢነካውስ እያልኩ የአንድ እንግዳ ሸሚዝ ላይ ካውያ ልረሳ ምንም አልቀረኝም። ለወሬዋ ሬዲዮ የምንላት የሥራ ጓደኛዬ አየችኝና «አንቺ ሴትዮ፣ ድስት ጥደሽ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለች።

«እናቴን ጥጄ ነው የመጣሁት» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ጭራሽ ልቤ አልረጋ አለ። ቤት ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ አይነሳም። አለቃዬን ሳላስፈቅድ ወጥቼ፣ ቁና ቁና እየተነፈስኩ ደረጃውን ጨርሼ በሩን ብከፍት፣ የሩዝ ሽታ። ጥሩ ሽታ ነው። ወጥ ቤት ስገባ ማብሰያዋ ገመዷ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ባዶዋን ተቀምጣለች። የውስጥ ድስቷ የጋዝ ምድጃው እሳት ላይ ተጥዳለች። እማዬ ፊት ለፊቷ በርጩማው ላይ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች።

«ምነው? ውሻ ያባረረሽ ትመስያለሽ» አለችኝ።

«ስልክ እኮ ደወልኩ!»

«ሰምቻለሁ። እሳት ትቼ ልነሳልሽ ነበር?»

አጥፍቼ ድስቷን ባነሳት ከታች ከሰል መስላለች። ሩዙ ግን፣ ሚጣ፣ አንዱ ከአንዱ ሳይጣበቅ ፍክት ብሏል። አንዲት ፍሬ አላረረችም።

«እማዬ፣ ይሄ እሳት ላይ አይጣድም!»

«ድስት አይደለም?»

«ድስት ነው፣ ግን...»

«ድስት ከሆነ ይጣዳል።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያ ዕቃሽ ጠባቂ አይፈልግም። ቀጭ ይላል፣ ያልቃል። ከዚያ አንቺ እስክትመጪ በር በር ሳይ ልዋል? እሳት ሲሆን እንኳ የምጠብቀው አለኝ።»

እኔ ደግሞ ድንጋጤው አልለቀቀኝም ነበርና «ቢያርስ? ቢያር እኮ ሚጣ ትወስድሽ ነበር!» አልኩ።

ከአፌ ወጣ። የምመልስበት መንገድ ጠፋኝ፤ ነገርኳት፣ ሁሉንም። እማዬ የድስቷን ጥቁር ቂጥ አየችና «በድስት ቂጥ ተዋዋላችሁብኝ?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሁለት ልጅ ወልጄ አንዳችሁ እንኳ ‹የት መኖር ትፈልጊያለሽ› ማለት ከበዳችሁ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለ! እዚያው ቆሜ ጠየቅኳት። ወዲያው «አንቺ ጋ» የምትል መስሎኝ ነበር። አላለችም። ሩዙን ሳህን ላይ አውጥታ «መጀመሪያ ብዪ» አለችኝ። አጠገቤ ቁጭ ብላ ካስጨረሰችኝ በኋላ «ቅዳሜ ሁለታችሁም ባላችሁበት እነግራችኋለሁ። ነገር በሰው ሲላክ መንገድ ላይ መልኩ ይለወጣል» አለች።

ከዚያ ወዲህ ያለሁበትን አትጠይቂኝ። ቀሚሷን ስታጥፍ ካየሁ ልትሄድ ነው እላለሁ። የመጋረጃውን መቀደድ አይታ «ይሄ ይሰፋ» ስትል ልትቀር ነው እላለሁ። ትናንት ደግሞ «እነ ሚጣ ቤት ቀን ቀን ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም ልል ነበር፣ እግዜር ይየኝ። ግን ልጆችሽ ለምሳ እንደሚመጡ ነገርኳት። «እህ» አለች። በቃ፣ «እህ» ብቻ። ያቺን «እህ» ስተረጉም አደርኩ።

ማብሰያዋ እንግዲህ አልሆነላትም። የውስጥ ድስቷን ፍቄ አጥቤ ወደ ቦታዋ መለስኳት፤ ቂጧ ስለተጣመመ ሳይበስል ቀጭ ትላለች። ማብሰያዋ ትቅርብን።

ሚጣዬ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ቅዳሜ ስትገቢ ወጥ ቤት ገብተሽ ድስት እያገላበጥሽ እንዳትመረምሪ። ስለ ውላችንም አንድ ቃል አታንሺ። ቁጭ በይና ጠይቂያት፣ ከዚያ ዝም ብለን እንስማ። አንቺን ከመረጠች ልብሷን አጥፌ የምከተው እኔው ነኝ። አላለቅስም አልልሽም፣ ግን አልከራከርም። እኔን ከመረጠችም አኩርፈሽ እንዳትሄጂ። ቀን ቀን አብሯት የሚውል ሰው ሁለታችን ሆነን እንፈልግላት፤ በር በር እያየች መዋልስ ይብቃት።

ይኸው ተነሳች። በላዬ ላይ ቆማ «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለሚጣ» አልኳት። «ከአሁኑ እንዳታስለቅሻት» ብላኝ ወደ ወጥ ቤት አለፈች።

ቅዳሜ የምታለቅሺው አንቺ ነሽ ማለት ነው? ወይስ እንዲያው ስለምትወድሽ ነው ያለችው? ይኸው ደግሞ ጀመርኩ። ነይልኝ ቶሎ፣ ነይና ከዚህ ገላግይኝ።

እስከ ቅዳሜ በየት በኩል እንደምትዘልቅ ያላወቀችው፣
ታላቅ እህትሽ