ከአዴ ሊቤ ጓሮ

ይድረስ ለእህቴ ለውብአየሁ፤

እታለም፣ እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? የደብረ ታቦር ብርድ ዘንድሮ ጠንክሯል ሲሉ ሰምቼ ወገብሽን አሰብኩ። የጋሼ ሀብተወልድ ደም ግፊትስ ልኩን ያዘ? ቲቲስ ደኅና ናት? ልጇ እስራኤል ትምህርቱን እንዴት ያዘው? ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው፣ ከብቱ ሳይቀር ሁሉም እንዴት ነው? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስልሽ እንግዲህ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬም አለ ማለቴ ነው።

በስልክ የሰው ድምፅ መለየት እንዳቃተሽ ቲቲ ነግራኛለች። እኔ እየደወልኩ ልጅሽ መሀል ገብታ እየጮኸች እንድታስተላልፍልሽ አልፈለግሁም፤ የምልሽ ነገር በሌላ ሰው አፍ የሚነገር አይደለም። ወንዲ የሚባል ያገራችን ልጅ አለ፣ እዚህ ቡራዩ ገበያ ቅመም ይሸጣል። ለጥምቀት ወደ ቤተሰቦቹ እንደሚመጣ ሲነግረኝ ወረቀት ገዝቼ ተቀመጥኩ። ይኸው ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ።

እናታችን ካረፈች ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እኔና አንቺ አንድ ቀን በቅጡ አልተነጋገርንም። በሰልስቷ ደውለሽ «በይ ዛፍሽን ሳዪ» ብለሽ ዘጋሽብኝ። እኔም መንገድ ተዘግቶብኝ እናቴን ሳልቀብር ቀረሁ ብዬ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ አዘነልኝ። አንቺ ዝም አልሽ፣ እኔም ዝም አልኩ፣ እንዲህ ሆነን ቀረን።

አሁን እውነቱን ልንገርሽ። ሐሙስ ዕለት ደውለሽ «እማዬ ደክማለች፣ ቶሎ ነይ» ስትዪኝ መንገዱ ክፍት ነበር። ዓርብ እነሳለሁ ብዬሽ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ። ዓርብ ማለዳ ኦቦ ዲሪርሳ ደወሉልኝ። ኦቦ ዲሪርሳ ከሰበታ በላይ ያለው የሱባ ጫካ ጠባቂ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዛፍና ቅጠል ልስል ስሄድ ከፊት ከፊቴ እየሄዱ መንገድ የሚያሳዩኝ እሳቸው ነበሩ። «አሰጋሽ፣ ሄጦው አበበ፤ ነፋስ ሳያረግፈው ድረሺ» አሉኝ። ሄጦ ኮሶ ነው በኦሮምኛ። ያቺን ሴቴ ኮሶ ሦስት ዓመት ተመላልሼባታለሁ፤ አንዱን ዓመት ገና እንቡጥ ሆና፣ ሌላውን ዓመት ረግፋ ጠበቀችኝ። ያ ቁልቁል የሚንዠረገገው ቀይ አበባ ሙሉ ሆኖ አንድ ቀን እንኳ አጋጥሞኝ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ሻንጣዬን በር ላይ ትቼ ሄድኩ።

አንዱ ቀን ሦስት ሆነ። ቀዩ ከሩቅ ቀይ ነው እንጂ ቀርበሽ ስታዪው ውስጡ ግራጫም አለ፣ ወደ ቡና የሚሄድም አለ። ቀለሙን ደጋግሜ በጠበጥኩ፤ እንቢ አለኝ። ቅዳሜም ተመለስኩ፣ እሑድም ተመለስኩ። እሑድ ወደ ማታው ላይ ተሳካልኝና እየዘመርኩ ከጫካው ወረድኩ። እየዘመርኩ እታለም፤ ይህንንም እወቂው። ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ ወደዚያ የሚሄድ መኪና የለም፣ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። ማክሰኞ ቲቲ ደወለችልኝ።

ዓርብ ዕለት ቲኬት አጣሁ ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ በንዴት የወረወርሽው ቃል ልክ ነበር፤ ልክ መሆኑንም የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የኮሶውን ሥዕል በጋዜጣ ጠቅልዬ አልጋዬ ሥር ከተትኩት። ልቀደው አስቤ እጄ እንቢ አለኝ፣ ገልጬም አላየሁትም።

ለቅሶዬን የተቀመጥኩት ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ነው። የአዲስ አበባው ሰፈራችን ሲነሳ ሁሉም ወዳገኘበት ሲበታተን እኔ ቡራዩ እንደ ደረስኩ ታውቂያለሽ። እዚህ እድር አልገባሁም ነበር። የማስተምርበት ትምህርት ቤት መምህራን መጡ፣ ጥቂት ተቀመጡ፣ ታክሲ ሰልፍ ሳይበዛ ብለው ተነሱ። «ስንት ዓመታቸው ነበር?» ይሉኛል። ሰማንያ አንድ ስላቸው ፊታቸው ቀለል ይላል። አንድም የእናቴን ድምፅ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማንም ስሟን ጠርቶ አላለቀሰላትም፤ እኔም ብቻዬን ጮኼ መጥራት አፈርኩ።

የቤቱ ባለቤት አዴ ሊቤ ይባላሉ፤ አዴ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ዕድሜያቸው ወደ እማዬ የሚጠጋ፣ ቀጠን ያሉ ሴትዮ ናቸው። አማርኛቸው ጥቂት፣ የኔ ኦሮምኛ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ በሁለት ዓመት ውስጥ «አካም ቡልተኒ»፣ እንደምን አደሩ፣ ተባብለን ከመተላለፍ በቀር አላወራንም ነበር። ሰዉ ሁሉ ሲሄድ ሰሌናቸውን አምጥተው አጠገቤ ዘረጉና ሦስት ቀን ከኔ ጋር ተቀመጡ። አንድም የሚያጽናና ቃል አልተናገሩም፤ ቢናገሩም ባልገባኝ። በአራተኛው ቀን «ኮቱ፣ ነይ» ብለው እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

ያን ጓሮ ብታዪው! ስፋቱ ከሁለት ክፍል ቤት አይበልጥም። በአጥሩ ጥግ ግራዋ፣ ከሥሩ እንዶድ፣ ወደ ውሃ ቧንቧው እንሶስላ፣ መሀሉ ላይ ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ እሬት፣ ጌሾ፣ ሁለት እግር እንሰት፣ በቀረው ሁሉ ጎመንና ዱባ። ባዶ ጀሪካን ገልብጠው አስቀመጡኝና እሳቸው ማረም ጀመሩ። በቃ። በማግስቱም እንዲሁ። ከሳምንት በኋላ እጄ ሥራ ሲፈታ ደበረኝና እርሳስና ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ጫካ መሄድ ከልቤ ወጥቶ ነበር፤ ጓሮው ግን እግሬ ሥር ነው።

እንዲህ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሳልኩት ጤና አዳም ነበር። አረንጓዴው ውስጥ ሰማያዊ አለበት፣ ቅጠሉም ጥቃቅን ስለሆነ ዓይን ያደክማል። ጨርሼ ሳሳያቸው አዴ ሊቤ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «ሥሩ የት ሄደ?» አሉኝ። ጎንበስ ብለው አንዱን ከነሥሩ ነቀሉና አፈሩን በቀሚሳቸው ጠራርገው ጭኔ ላይ አኖሩት። ከዚያ ወዲህ ያለ ሥር የሳልኩት የለም። ለእያንዳንዱም ከሥዕሉ በታች በሁለት ቋንቋ ስሙን እጽፋለሁ፤ እኔ ግራዋ ስል እሳቸው ኤቢቻ ይላሉ፣ እኔ እንዶድ ስል ሀንዶዴ። በትክክል እስክጠራው ድረስ ያስደግሙኛል፤ ስሳሳት ጥርስ የሌለውን ድዳቸውን ገልጠው ይስቃሉ። ክረምትና በጋ ተፈራርቆ ሠላሳ አንድ ሥዕል ሆነ። ቋንቋ ሳይኖረን ከማንም ሰው ጋር ያን ያህል ተጫውቼ አላውቅም።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ጓሮው የለም። ልጃቸው ኪሩ የሚከራይ ክፍል ሊሠራበት አስጠርጎት ኖሯል። አልፈርድበትም፤ ልጆች ያሳድጋል፣ ቦታውም የቤተሰቡ ነው። ግራዋው ተገንድሶ አጥሩ ላይ ተጋድሟል፣ የቀረው ሁሉ ከአፈር ጋር ተደባልቆ ተቆልሏል። አዴ ሊቤን ሲቆረጥ እንዳያዩ ብለው በማለዳው ዱከም ልጃቸው ሶፊ ዘንድ ወስደዋቸዋል። በዚያው ይቀመጣሉ ተባለ። «ለአሰጋሽ ንገሯት» ብለው ነበር አለኝ ኪሩ፤ በሥራ መሀል ረሳነው አለ። ይቅርታ ጠየቀኝ፣ እኔም ምንም አይደለም አልኩት።

አሁን ከመስኮቴ የሚታየኝ ብሎኬት ነው። ጠዋት ልጆቹን ሥዕል አስተምራለሁ፣ ከሰዓት እመለሳለሁ። ትምህርት በሌለበት ቀን ከአፌ የሚወጣው ቃል ታክሲ ላይ «ወራጅ አለ» የምለው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። አንድ እሑድ እስከ ገፈርሳ ግድብ በእግሬ ሄጄ የባሕር ዛፍ ቅርፊት ልስል ሞከርኩ። ውሃው ዳር ሰዎች ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሳሳቃሉ። አንዷ ልጅ መጥታ «እማማ፣ ፎቶ አንሺን» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። አነሳኋቸው። እማማ መባሌን ያን ቀን ነው የሰማሁት። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ፤ ለካ ሳላውቀው አርጅቻለሁ ብዬ ወረቀቴን ሰብስቤ ተመለስኩ።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ሥዕሎቹን በካርቶን አሥሬ ዱከም ሄድኩ። ሦስት ታክሲ ቀይሬ፣ ሰው ጠይቄ አገኘሁት፤ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ሶፊ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ዕረፍቷ ነበርና በሩን እሷ ከፈተችልኝ። አዴ ሊቤ መስኮት አጠገብ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይችል ከመጡ ጀምሮ መሬት አልረገጡም። ሲያዩኝ «አሰጌ!» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉልኝ። ተቃቅፈን ቆየን፤ ከሲታ ሆነዋል እታለም።

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አልጋው ላይ ደረደርኩላቸው። ስማቸውን እየጠሩ፣ ማን እንደ ሰጣቸው፣ በየትኛው ክረምት እንደ ተተከለ ይናገራሉ፤ ሶፊ ታስተረጉምልኛለች። ግራዋው ጋ ሲደርሱ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ይኼ የኔ አይደለም» አሉ። ደነገጥኩ። «የኔ ኤቢቻ ቅጠሉን ትል በልቶታል፤ ይኼ አልተበላም።» እውነታቸውን ነው፤ ሥዕሉ እንዲያምር ብዬ ቀዳዳዎቹን ዘልያቸው ነበር። እርሳሴን አወጣሁ። እሳቸው በጣታቸው እዚህ ጋ፣ እዚህ ጋ እያሉ ሲያሳዩኝ እኔ ቀዳዳ በቀዳዳ አደረግሁት። አንዷን ቅጠል ግማሿን አስጠፉኝ። ሲጨርሱ «አሁን እሷ ናት» ብለው ረኩ።

ቀጥሎ ዳማከሴው ነበር። አዴ ሊቤ ስም ሳይጠሩ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቅጠል በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ቆንጥጠው አሹት፤ ከዚያ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ። ሶፊ ልትስቅ ጀምራ ተወችው። አሮጊቷ ጣታቸውን እዚያው እንደያዙ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ከመስኮቱ የሚታየው የፋብሪካ ቆርቆሮ ብቻ ነው። እኔ የማስተካክለው ነገር አልነበረኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ስስል፣ የቅጠል ጅማት በማስመሪያ ስለካ ኖሬ፣ ለእኚህ ሴትዮ አንድ ቅጠል መስጠት አልቻልኩም።

ሥዕሎቹን በሙሉ ትቼላቸው ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ። «ሲ ወጂን ኤኙቱ ጂራ?» አሉ። ሶፊ «ካንቺ ጋር ማን አለ? ነው የምትልሽ» አለችኝ። ማንም ልል ነበር፤ አፌ ግን «እህት አለችኝ» አለ። ስሟ ማነው አሉ። ውብአየሁ አልኩ። ሊጠሩት ሞክረው «ውባዬ» አደረጉት። የት ናት? ሩቅ ናት። እንዲህ መሆንሽን ታውቃለች? አታውቅም። አዴ ሊቤ ለሶፊ አንድ ነገር ነገሯት፤ እሷም ዓይኗን ሰብራ ተረጎመችልኝ። «ታዲያ ለሷ ንገሪያት እንጂ፤ እኔማ ልሄድ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ እንድታውቂው ብቻ ፈለግሁ። እማዬ በመጨረሻዋ ጠርታኝ እንደ ሆነ፣ ምን ብላ እንደ ሆነ፣ አንድ ቀን ብትጽፊልኝ እወድ ነበር። ክፉም ቢሆን ልስማው።

ጋሼ ሀብተወልድን በእግዚአብሔር ሰላምታ ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ቲቲን ለእናትሽ ስለምትደክሚው አምላክ ይክፈልሽ በይልኝ። ለእስራኤል አንድ የቀለም እርሳስ ፓኬት ልኬለታለሁ፤ ግድግዳ ላይ ቢሥልበት አትቆጡት። የእማዬን የጡት ልጆች፣ የላይ ቤትና የታች ቤት ጎረቤቶችን ሁሉ በየስማቸው ጠርተሽ ሳሚልኝ። በመቃብሯ ስታልፊ ለኔም ብለሽ ጥቂት ቁሚ።

ወንዲ ጥር ሃያ ተነስቶ ይመለሳል። የምትጽፊው ነገር ካጣሽ፣ ወይም ልብሽ ገና ካልፈቀደ፣ ባዶ ፖስታ አሽገሽ ስጪው። በላዩ ላይ ግን በራስሽ እጅ «ለአሰጋሽ» ብለሽ ጻፊበት።

እህትሽ አሰጋሽ
ቡራዩ
ጥር ፭ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.