እናትህ አንገት ላይ ያለው ነሐስ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። ሰው ሁሉ ትለምጂዋለሽ ይለኛል፤ እኔ አልለመድኩትም። በሩ እንደገና ይንቋቋል፤ የሚሠራው ጠፍቶ አይደለም፣ ሌላ እጅ እንዲነካው ስላልፈለግሁ ነው። ህሊና ልጃችን የፊት ጥርሶቿን ነቅላለች። ዛሬ የምጽፍልህ ግን አጥፍቼ ነው፤ ካንተ በቀር የምነግረው የለኝም።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የምንጫወተውን «አሳምነኝ» ታስታውሰው የለ። ወፍጮ ልትጠግን ወግዲና ማሻ ከርመህ ስትመጣ አንድ የማይታወቅ ብረት ከኪስህ አውጥተህ በርጩማው ላይ ታስቀምጣለህ። ምንነቱን እየፈጠርን ሳንስቅ እንናገራለን። እናትህ አንዱን ጥርሳም ብረት የበግ ጠጉር ማበጠሪያ ነው ብለው ሁላችንንም አሳምነውናል። አንተ ደግሞ ስትዋሽ ብቻ ወላሂ ትላለህ፤ በሱ ነበር የምነቃብህ። ደንብህ አንድ ነበር፤ ያሳመነ ሰው እጁን እቃው ላይ አድርጎ «ውሸቴን ነው» ሳይል ከመደቡ አይነሳም። አንዴ ረስቼ ልነሳ ስል ቀሚሴን ይዘህ አስቀመጥከኝ።

በመንፈቅ ተዝካርህ ማግስት እናትህ ካፖርትህን ሲያራግፉ አንዲት ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቁራጭ ወደቀች። ምን እንደሆነች ሳትነግረን ነው የሄድከው። እያገላበጡ ጠየቁኝ፤ ፊታቸው እንባ በእንባ ነበር። ምላሴ ቀደመኝ። ታዴ ለበሽታዎ ብሎ ከገዳም አስባርኮ ያመጣልዎት ናት አልኳቸው። እንባቸው ቆመ። በማተባቸው አስረው አንገታቸው ላይ አደረጓት። እኔም «ውሸቴን ነው» ሳልል ተነሳሁ።

አልደብቅህም፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። በኋላ ሳይ የደም ግፊታቸው ክኒን እንዳለ ተቀምጧል። ልጄ ይህን አምጥቶልኝ ክኒን ብውጥ እምነት ማጉደል ነው አሉኝ። ስለምናቸው «አብሽሪ ልጄ» እያሉ መልሰው እኔን ያጽናኑኛል። አብሮህ ይሠራ የነበረውን ሰው ብጠይቀው ከወፍጮ ሞተር የወጣ ያረጀ ቀለበት ነው አለኝ። ይህን እያወቅሁ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ፤ ፈራሁ። ያለፈው ዓርብ ከኪዳን ሲመለሱ ደጃፋችን ላይ ወደቁ። ጤና ጣቢያ ወስደናቸው ግፊታቸው ክፉኛ ጨምሯል ተባልን።

እሁድ መደቡ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን አንገታቸው ላይ ያለው ነሐስ ላይ አድርጌ «ውሸቴን ነው» አልኳቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያዩኝ፣ ክኒኑን ስጭኝ አሉና ዋጡ። ነሐሱን ልፈታላቸው ስል ግን እጄን መለሱት። የልጄ እጅ የነካው መሆኑም ውሸት ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። እሱ እውነት ነው አልኩ።

አሁን ክኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፤ በዚህ አታስብ። እኔን ግን ቤታችሁ ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ልጄ ሲሉኝ ኖረው፣ ከእሁድ ወዲህ በስሜ ይጠሩኛል። አልቀየምኳቸውም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት።

አስታውስሃለሁ ታዴዬ። ለህሊናም አወራላታለሁ፤ ስለ በርጩማው፣ ስለ ወላሂህ፣ ቀሚሴን ስለያዝክበት እጅህ። ያላደረግኸውን ግን ከእንግዲህ አልጨምርልህም። ያደረግኸው ይበቃናል።