«ቀበርን» ያልኩትን «ከበርን» ላደረጉልኝ ኃላፊ

ለክቡር አቶ ትዕዛዙ፣
የጮራ ዘር ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ፤
እንጅባራ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ከነኮምፒውተርዎ፣ ከነማተሚያዎ፣ ከነከረባትዎ ደኅንነትዎን እመኛለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ፤ የታመመው ጉልበቴ እንጂ ምላሴ አይደለም። ፊደል ስላልቆጠርኩ ይህን የምታሰፍርልኝ የጎረቤቴ ልጅ ቤዛዊት ናት፤ ቃሉ ግን ከነኮምጣጣነቱ የእኔ ነውና እሷን እንዳይቆጡብኝ። የማኅበሩ አባላትም ሁሉ እንዲሰሙት እፈልጋለሁ።

ጉዳዩን ያልሰማ አባል ካለ፣ ልጄ ገበየሁ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ሩሲያ ሄዶ እዚያው ወልዶ ኖረ። አምና ታሞ መጣና በእጄ ላይ አረፈ። እዚያ የቀረችው ልጁ እንቁ ሞቱን ብትሰማም፣ እንዴት እንደተሸኘ የሚነግራት አጣች፤ እሷ ከሩሲያኛ በቀር አታውቅ፣ እኔ ከአውኛና ከአማርኛ በቀር አላውቅ። እርስዎ ደግሞ ሩሲያ ተምሬ መጥቻለሁ፣ በኮምፒውተሬ ዎርድ ላይም ሩሲያኛ ተጭኗል ብለው ሲያስነግሩ ሰምቼ፣ ለእንቁ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ ደስ እያለኝ ከደጅዎ ቆምኩ። ስለዋሉልኝ ውለታም ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩. እኔ በአማርኛ ስናገር እርስዎ አንዴም ቆም ብለው ሳያስቡ እኩል እየመቱ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አንዱ ፊደል እንደ መንሽ ባለ ሦስት ጣት፣ ሌላው እግሩን እንደዘረጋ ሸረሪት ሆኖ ሳየው፣ ይኸ በእውነት ሩሲያኛ ነው ብዬ ተደነቅሁ። ለካስ ሩሲያኛው ፊደሉ ብቻ ኖሯል፤ ቃሉ ያው የእኔ አማርኛ ነበር። ክቡር ሆይ፣ በሬዬን ኮት ቢያለብሱት ሩሲያዊ ይሆናል?

፪. በየቃሉ ሥር ቀይ መስመር እየተጥመዘመዘ ሲወጣ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅዎ፣ «አባባ፣ ለክብርዎ የተሰመረ ጌጥ ነው» ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እውነትም እንደ ቀሚስ ጥለት አምሮኝ ነበር። ማሽኑ ይህን ቃል አላውቀውም እያለ ይጮህ እንደነበር ቤዛዊት ኋላ ነገረችኝ። ከሁለታችሁ እውነቱን የተናገረው እሱ ነውና፣ ወንበሩንም ቢለቁለት መልካም ነው።

፫. ይህንን ቀስ ብለው ያንብቡት። የሩሲያ ፊደል «ቀ» የለውም አሉ፤ እርስዎም በ«ከ» ተኩት። እንቁ ወረቀቱን እዚያ ለሚማር አንድ ሐበሻ አሳየችው። ብዙው አልገባውም፤ የገባውን ግን ተረጎመላት። «አባትሽ ሲሞት ተሰብስበን በወግ ቀበርን» ያልኩት፣ «አባትሽ ሲሞት ተሰብስበን በወግ ከበርን» ሆኖ ደረሳት። በአባቷ ንብረት የበለጸግን መስሏት፣ ሁለተኛ እንዳትጽፉልኝ ብላ በተማሪው በኩል መልሳለች። ከልጄ የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

የማያውቀኝ ሰው ቢያደርገው ባልከፋኝ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እርስዎ ነዎት፤ እንደቀበርን እንጂ እንዳልከበርን ትከሻዎ ያውቃል። ገበየሁ አልጋ ላይ ሳለ ሊጠይቁት መጥተው በሩሲያኛ ቢያናግርዎ፣ ፈገግ ብለው በአማርኛ ሲመልሱለት ትሕትና አድርጌ ቆጥሬልዎ ነበር። አላውቅም ቢሉኝ ምን ነበረበት? እኔ ማንበብ አልችልም ስል ዕድሜዬን ሙሉ አፍሬ አላውቅም።

አሁን የምለምንዎ፣ በሚመጣው ስብሰባ ቆመው ሩሲያኛ እንደማያውቁ ለአባላቱ እንዲናገሩ፣ ለዚያም ተማሪ ደውለው ጥፋቱ የእርስዎ መሆኑን በአማርኛ እንዲያስረዱልኝ ነው። በአፍዎ ይንገሩት፤ በጽሑፍ ግን አደራ!

ወድቄ እጅ ልነሳዎ ሽቼ ጉልበቴ እምቢ ስላለኝ ቆሜ የቀረሁት፣
ፊደል ያልቆጠርኩ፣ ልጄን ግን የቀበርኩ፣
ደርበው ሽባባው
(አሻራዬን አኑሬያለሁ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሩሲያኛ የሚያውቁ አንድ ጡረተኛ ሐኪም ዳንግላ አሉ ሲባል ሰምቼ ሄጄ ነበር። ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ፈቅደው ነበር፤ እሷ ግን ከእንግዲህ የእኛን ጽሑፍ አትከፍትም። ስለዚህ «ይቅር በይኝ» ማለትን ብቻ አስተማሩኝ፤ «ፕራስቲ» ነው። በሚኒባስ ስመለስ ጥርስ በሌለው አፌ እየደጋገምኩ ያዝኩት፤ ስልኩን ካነሳችልኝ እላታለሁ። ጥፋቱ የእርስዎ ነው፤ ሩሲያኛውን የተማርኩት ግን እኔ ነኝ።